«የለብህም» ሲሏችሁ የትኛውን ነው?

ውጭ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ብዙ የተሳሳትኩት በከባድ ቃላት አይደለም። ከባዱን ካላወቅኩት እጠይቃለሁ። ያስቸገሩኝ የማውቃቸው የሚመስሉኝ ናቸው፤ በተለይ እኛ በአማርኛ በአንድ ቃል የምንጨርሳቸው፣ እንግሊዝኛው ግን ለሁለት የሚከፍላቸው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ከም ኦን ሳተርደይ» አለኝ። በልቤ ወደ አማርኛ መለስኩት፦ ቅዳሜ መምጣት የለብህም። አትምጣ ያለኝ መስሎኝ ቤቴ ዋልኩ። ሰኞ ስገባ ለካ የሥራ ጓደኞቼ ቅዳሜ ገብተው ኦቨርታይም ሠርተዋል። ሰውዬው ያለኝ «ግዴታ የለብህም፣ ከፈለግክ ና» ነው። ሊከለክለኝ ቢፈልግ «መስንት» ይል ነበር። የእኛ «የለብህም» ሁለቱንም ይሸከማል፣ እነሱ ግን አያደባልቋቸውም። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይሄን በደንብ ልብ በሉ። ስለ መድኃኒቱ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ቴክ ኢት ዊዝ ፉድ» ካለ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ይቻላል ማለት ነው፤ «ዩ መስንት» ካለ ግን ከምግብ ጋር ጭራሽ አይወሰድም። ግራ ከገባችሁ ሳታፍሩ «ኢዝ ኢት ኦኬ ኢፍ አይ ዱ?» ብላችሁ አረጋግጡ።

«እስከ»ም እንደዚሁ ናት። «እስከ አርብ እጨርሳለሁ» ብለን አስበን ከአፋችን የሚወጣው «አንቲል ፍራይደይ» ነው። መባል ያለበት «ባይ ፍራይደይ» ነው፤ የመጨረሻው ቀን አርብ ነው፣ ቀድሞ ቢያልቅም እሰየው። «አንቲል» ነገሩ እስከዚያ ድረስ ሳይቋረጥ መቀጠሉን ነው የሚናገረው። «አይ ዊል ወርክ አንቲል ፍራይደይ» ካላችሁ ከአርብ በኋላ የላችሁም ማለት ነው፣ አለቃችሁ ሥራ ልትለቁ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል።

«ጥቂት» ላይ ደግሞ ልዩነቷ አንዲት ፊደል ናት። «አይ ሃቭ ኤ ፊው ፍሬንድስ» ያለ ሰው የተወሰኑ ጓደኞች አሉኝ እያለ ነው። «ኤ»ዋን ከጣላት ጓደኛ የለኝም ለማለት ምንም አልቀረውም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ «ሃድ ቤተር»ን ለአለቃም ለማታውቁት ሰውም አትጻፉ። «ቢደውሉልኝ ይሻላል» ስንል በትህትና ነው። «ዩ ሃድ ቤተር ኮል ሚ» ግን ባትደውል ወዮልህ የሚል ቃና አለው። እኔ ለአንድ ቢሮ እንደዚያ ጽፌ፣ መልሳቸው ቀዝቀዝ ብሎ ሲመጣ ምን በደልኳቸው እያልኩ ሰነበትኩ። «ኩድ ዩ ኮል ሚ፣ ፕሊስ» ብል ኖሮ በቂ ነበር።