«የቤቶቹ ቁልፍ ጠፉ» የምንለው ለምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ቋንቋ አስተምራለሁ። ባለቤትና ግሥ ለምን አልስማማ እንደሚሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ (አዘዞ የምታስተምር መምህርት)፦ ተማሪዬ «የቤቶቹ ቁልፍ ጠፉ» ብላ ጻፈች። ሕጉን ስጠይቃት ግን አሳምራ ትመልሳለች። ምን ነካት?

መልስ፦ ምንም አልነካት፣ መምህርት። ሕግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ትክክለኛውን ባለቤት ይዞ ግሡ ዘንድ መድረስ ሌላ። ተመራማሪዎቹ ካትሪን ቦክና ካሮል ሚለር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የዓረፍተ ነገር መነሻ እያሰሙ ደግመው እንዲጨርሱት አደረጉ። ባለቤቱ ነጠላ፣ አጠገቡ ያለው ስም ብዙ ሲሆን፣ አፋቸውን በቋንቋው የፈቱት ሰዎች አንዳንዴ ግሡን ለጎረቤቱ ስም አስማሙት። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ማድላቱ ነው። ብዙው ነጠላውን ያሳስታል፤ ነጠላው ብዙውን እምብዛም አያሳስትም። «የቤቱ ቁልፎች ጠፋ» የሚል ተማሪ ስንቴ ገጥሞዎታል? ምክንያቱ ምልክቱ ነው ይባላል፤ ብዙ ቁጥር እንደ እኛ «ኦች» ያለ ምልክት ተሸክሟል፣ ነጠላው ግን ባዶውን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ግሡ የሚስማማው ቅርቡ ላለው ስም ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የተማሪዋ ዓረፍተ ነገር ራሱ ያፈርሰዋል፤ ከ«ጠፉ» ጎን ያለው «ቁልፍ» እንጂ «ቤቶቹ» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ሦስት ስም ያለባቸው ሐረጎች ሲፈተኑም፣ ከግሡ ጎን ካለው ስም ይልቅ መካከለኛው የበለጠ አሳስቷል። አእምሮ ቃላትን እንደ መቁጠሪያ በተርታ አይሰካም፤ አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገባል።

ጥያቄ፦ «የልጆቹ አባት መጡ» ብንልስ?

መልስ፦ ይህማ አንቱታ ነው! «መጡ» ለብዙዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም ያገለግላል። ነገሩን በአማርኛ ማጥናት የሚሻ ሰው እናትና አባትን ትቶ በቁልፍና በበር ይጀምር፤ ያለዚያ አክብሮትን ከስሕተት ይደምራል።

ጥያቄ፦ የተማርን ሰዎችም ሥራ ሲደራረብብን እንሳሳታለን።

መልስ፦ አዎ። ተመራማሪው ሚሼል ፋዮልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ ፈረንሳይኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ አዋቂዎች ሌሎች ቃላትን በቃላቸው ይዘው ሲጽፉ ስሕተታቸው ጨመረ። የእኛ ግሥ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ሕዝቡ ታቦታቱን አጅቦ በእልልታና በሆታ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ...» ካልን በኋላ «ወረደ» ነው «ወረዱ»? ሕዝቡ ቃሉ ነጠላ፣ ሐሳቡ ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ መንታ መንገድ አለ።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን እንዴት ላርም?

መልስ፦ መካከሉን ሁሉ አውጥተህ ባለቤቱንና ግሡን ብቻ ጮክ ብለህ አንብብ። «ቁልፉ ጠፉ» ስትል ጆሮህ ወዲያው ይይዘዋል።