ሸዋ በር ቆሞ ሸዋን መፈለግ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ምህንድስና ጨርሼ ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ የትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። በዩኒቨርሲቲው ስም የሚጠራው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚከራይ ክፍል አይቻለሁ። ኪራዩ ወደድ ይላል። በእግሬ እየሄድኩ የትራንስፖርቱን አተርፋለሁ ብዬ ነው። ልያዘው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ክፍሉን ግን ገና አትያዝ።

የጣቢያው ስም በኮሪያኛ «ሴኡልዴ ኢፕኩ» ነው። «ሴኡልዴ» የዩኒቨርሲቲው አጭር ስም ነው፤ «ኢፕኩ» ደግሞ መግቢያ ማለት ነው። እኔም እዚያ ስማር የመጀመሪያ ቀን ስሙን አምኜ ወረድኩ። ደረጃውን ስወጣ ግቢው ፊቴ ድቅን የሚል መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ የሱቅ መዓትና መኪና የሚተራመስበት አስፋልት ነው። አንዷን ልጅ «በሩ የት ነው?» ስላት ወደ ዳገቱ አመለከተችኝ። እኔ ደግሞ በአዲስ ተረከዛም ጫማ! ለካ ደሴ፣ ሸዋ በር የሚባለው ሰፈር ቆሜ ሸዋን ስፈልግ ኖሯል።

ከጣቢያው እስከ ዋናው በር ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ግቢው ጓናክ የሚባል ተራራ ላይ የተለጠፈ ነው። የምህንድስናዎቹ 301 እና 302 ቁጥር ሕንፃዎች ደግሞ ጫፍ ላይ ናቸው፤ በሩ ላይ ደረስኩ ብለህ አትደሰት። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ላደግን ዳገት ብርቅ አይደለም። አንተ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በመኪና እንጂ በእግርህ የምታውቀው አይመስለኝም።

ሰው ሁሉ የሚያደርገው በመውጫ 3 ወጥቶ 5511 ወይም 5513 አውቶቡስ መያዝ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰርቪስም አለ። ጠዋት ሰልፉ አይጣል ነው። ቲመኒ የሚባል ካርድ ግዛ፤ ስትሳፈር ታስነካለህ፣ ስትወርድም ታስነካለህ። ስትወርድ ካላስነካህ ከባቡር ወደ አውቶቡስ የመቀየሪያው ቅናሽ ይቀርብሃል። እኔ «ሂሳብ!» የሚል ረዳት ለምጄ፣ ይህን እስክረዳ ወር ፈጅቶብኛል።

ሌላም መንገድ አለ። ቀጣዩ ጣቢያ ናክሶንግዴ ነው፤ ከዚያ 02 ቁጥር ትንሿ አውቶቡስ በጓሮ በር ታስገባሃለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በተከፈተው የሲሊም ባቡር መስመር ደግሞ ጓናክሳን የሚባል ጣቢያ ለዋናው በር ቅርብ ሆኗል። በእኔ ጊዜ አልነበረም፤ ቀናሁ። ከሁሉም በፊት ግን ግቢ ውስጥ ማደሪያ አመልክት።

ሰፈሩን አልጠላውም። ምግብ ቤቱ ብዙ ነው። ጣቢያው ያለበት 2ኛው የባቡር መስመር ከተማውን እንደ ቀለበት ስለሚዞር እንቅልፍ ቢወስድህም ዞሮ ይመልስሃል። ደርሶብኛል። ለስሙ ብለህ ግን ተጨማሪ አትክፈል። አከራዩን «ከመውጫ 3 ስንት ደቂቃ ነው?» ብለህ ጠይቀው። «ከዩኒቨርሲቲው» ካልከውማ «መግቢያው ላይ ነው» ይልሃል።