በሾፌር እጅ ርቀት ምን ይቀመጥ? ጥያቄና መልስ

ረጅም መንገድ ለምትወጡ ነው። ዛሬ የምናወራው ቀበቶ እንደታሰረ እጅ ስለሚደርስባቸው ዕቃዎች ብቻ ነው። ስኮርታና መፍቻ ሌላ ቀን።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁሉም ከኋላ አለኝ። ምን ጎደለኝ?

ዕቃው ተሟልቷል፤ ችግሩ ቦታው ነው። ከኋላ ተገጭተህ የዕቃ መጫኛው አልከፈት ቢልህ፣ ሳጥኑ ቤት ቀረ ማለት ነው። ክሪክና መጎተቻ ገመድ እዚያው ይሁኑ። ሰደርያው ግን ከወንበርህ ሥር ይምጣ። ማታ ደብረ ሲና ዳገት ላይ መኪናው ቢቆምብህ፣ ለብሰኸው ነው መውረድ ያለብህ። እሱን ፍለጋ በጨለማ አስፋልት ላይ ወደ ኋላ መሄድ ለከባድ መኪና ራስን መስጠት ነው።

ቀበቶ መቁረጫ ገዝቼ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከትቸዋለሁ። ይበቃል?

አይበቃም፣ እህቴ። መኪናው ቆሞ ሞክሪው። ቀበቶሽን እሰሪ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ከዚያ በግራም በቀኝም እጅሽ ያዢው። አንዱ እጅ ካልደረሰ ቦታው ልክ አይደለም። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል አጥብቀሽ እሰሪው። መስታወት መስበሪያ ካለው ደግሞ የፊቱን መስታወት አትታገዪ፤ በመሃሉ ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። የጎኑን መስታወት ጥጉ ላይ ምቺው።

ዓባይ በረሃ ልወርድ ነው። ውሃ ስንት ልያዝ?

ለመጠጥ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያዝ። ለእኔ ግን ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ነው የሚያሳስበኝ። ብዙ ሰው የውሃ ጠርሙስ እግሩ ሥር ይጥላል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትወርደው። መኪናው ባዘቀዘቀ ቁጥር ጠርሙሱ ወደ ፊት ይንከባለላል። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስትረግጥ ከፔዳሉ ሥር ተወትፎ ይጠብቅሃል። አንተ ትረግጣለህ፣ ፔዳሉ አይወርድም። ስለዚህ ጠርሙስ በር ኪስ ውስጥ ይግባ። እሳት ማጥፊያም እንዲሁ፤ ልቅ ሆኖ አይቀመጥ፣ በማሰሪያው ይታሰር። የራዲያተር ውሃ ለብቻው በጀሪካን ከኋላ ይሁን። ሞተሩ ሲግል የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው አትክፈት፤ ፊትህን ይጠብስሃል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት። ልዩነት አለው?

አለው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። የአንዳንዶቹ በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ኃይል ሲቋረጥ በእጅ የሚከፈትበት ማንሻ የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልግና ለቤተሰብህም አሳይ። ትልቁ ባትሪ ከተቀጣጠለ ደግሞ በትንሽ የዱቄት ማጥፊያ አትድከም። ሰው አውጣና ራቅ።

ስልኬ መብራት አለው። የእጅ ባትሪ ለምን ያስፈልገኛል?

ስልክህ ለመደወያ ይቆይ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ግዛ፤ ሁለቱም እጆችህ ነፃ ይሆናሉ። ደም የሚፈሰው ሰው ካለ በአንድ እጅ አይሆንም። ንጹሕ ጨርቅ አድርገህ ጠበቅ አድርገህ ትጫናለህ። ቆመ ወይ እያልክ ጨርቁን አታንሳ።

ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከሌለኝ ድንጋይና ቅጠል አይበቃም?

ከምንም ይሻላል። ግን ማታ ድንጋይ አይታይም። ደግሞ ብዙዎቻችን መኪናው ሲነሣ ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትተን እንሄዳለን፤ ይህ ነውር ነው! ምልክቱን ግዛ፣ መታጠፊያ ካለ ከመታጠፊያው በፊት አስቀምጠው።

የወንድሜ ልጅ ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ጻፍ ይለኛል። እኔ ስልኬ ላይ አሉኝ። ምን ይጠቅማል?

ልጁ እውነቱን ነው፣ አባባ። እርስዎ ራስዎን ቢስቱ ስልክዎን ማን ይከፍታል? 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ለፖሊስ፣ የአንድ ቤተሰብ ቁጥር፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎት የሚወስዱት መድኃኒት ስም። በትልልቁ ጽፈው ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ይሰኩት።