ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አከራዬ እንስሳ አይፈቅድም፤ ወረቀት ይጻፉልኝ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አፓርትመንት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። ወንድሜ አገር ቤት ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቀን ላይ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ልቤ እየደለቀ፣ ላብ አጥምቆኝ እባንናለሁ። እረፍት ስሆን በሬን ዘግቼ ሰው ሳላናግር እውላለሁ፤ ምግብም አያሰኘኝም። የሥራ ባልደረባዬ «ውሻ ያዢ። ወረቀቱን ኢንተርኔት ላይ ከፍለሽ ታወጪያለሽ፤ አከራይሽ እምቢ ማለት አይችልም» አለችኝ። ሊዜ (የኪራይ ውሌ) ግን እንስሳ አይፈቀድም ይላል። እናቴም በስልክ ስነግራት «ጸበል ባለበት ቤት ውሻ?» ብላ ተቆጣችኝ። እርስዎ ወረቀቱን ሊጽፉልኝ ይችላሉ? ምንስ ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በሰው አገር መርዶ ሰምቶ፣ እርም እንኳ ሳያወጡ በማግስቱ ሥራ መግባት እጅግ ከባድ ነው። የእርስዎ ዓይነት ደብዳቤ የሚልኩልኝ ብዙዎች ናቸው፤ ሐዘናቸውን ለብቻቸው የዋጡ ሰዎች።

ከውሻው በፊት እርስዎን ላስቀድም። የልብ ድለቃ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ከሐዘንና ከጭንቀት ሊመጡ ይችላሉ። ግን የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም እንዲሁ ያደርጋል። ደም ማነስም ልብን ያስደልቃል። የሌሊት ፈረቃ ደግሞ በራሱ እንቅልፍ ያዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪምዎ ጋ ቀጠሮ ይያዙ፤ የጻፉልኝን ሁሉ ሳይቀንሱ ይንገሩ። ችግሩ ድባቴ ወይም የጭንቀት ሕመም ሆኖ ከተገኘ መድኃኒትም የንግግር ሕክምናም አለው፤ ሁለቱም ይሠራሉ። «ምነው እኔም በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ቀጠሮ አይጠብቁ። በማንኛውም ሰዓት ራስን ስለማጥፋት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች የእርዳታ መስመር ወደሆነው 988 ይደውሉ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይችላሉ።

እንስሳ ይረዳል ወይ? አዎ፣ ብዙ ሰውን ይረዳል። ጥናቱ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ታካሚዎች ላይ የማየው ግን ተመሳሳይ ነው። ውሻ መብላትና መውጣት ስላለበት ባለቤቱም ከአልጋው ይነሳል፤ ፀሐይ ያገኛል፤ ደረጃ ላይ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። በቅዠት ባንኖ የተነሳ ሰው አጠገቡ የሚዳስሰው ሕይወት ያለው ነገር ሲያገኝ ትንፋሹ ቶሎ ይመለሳል። ይህን አላቃልልም። ሕክምናን ግን አይተካም። ሕክምናውን ትተው ውሻውን ብቻ ቢይዙ አልስማማም።

አሁን ወደ ኪራዩ። ፌር ሃውዚንግ አክት የሚባለው፣ በመኖሪያ ቤት አድልዎን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ፤ በ1988 ተሻሽሎ አካል ጉዳተኞችን ጨመረ። የዕለት ኑሮን በእጅጉ የሚገድብ የአእምሮ ጤና ችግርም በዚህ ሕግ እንደ አካል ጉዳት ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው፣ በቤቱ ለመኖር እኩል ዕድል እንዲያገኝ እንስሳው አስፈላጊ ከሆነ፣ አከራዩ «እንስሳ አይፈቀድም» የሚለውን ደንብ እንዲያነሳለት መጠየቅ ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ ለእንዲህ ያለ እንስሳ፣ «የድጋፍ እንስሳ» ለሚባለው፣ ፔት ዲፖዚት የሚሉት የእንስሳ ማስያዣም ሆነ ተጨማሪ ኪራይ አይከፈልም። ምንጣፉን ቢቦጫጭቅ ግን፣ እንስሳ ያላቸው ሌሎች ተከራዮች ለእንዲህ ያለ ጉዳት የሚከፍሉ ከሆነ እርስዎም ይከፍላሉ። የሕንፃውን ደንብም ያከብራሉ።

ወረቀቱን እኔ ልጽፍልዎት አልችልም፤ አልመረመርኩዎትምና። ቨርጂኒያ ውስጥ ማረጋገጫው መምጣት ያለበት ከሚያክምዎት ወይም ካከመዎት ሰው ነው። ባልደረባዎ የነገረችዎትን የኢንተርኔት ወረቀት ይተዉት። የመንግሥት «የድጋፍ እንስሳት መዝገብ» የሚባል የለም፤ ስለዚህ የምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ውሻው የሚለብሰው ሰደርያ የሚሸጡልዎት ሁሉ ምንም አይጨምርልዎትም። ገንዘብዎ ያሳዝነኛል። ከዚያም በላይ በእንዲህ ዓይነት ወረቀት የተሰላቸ አከራይ በእውነት የታመመውንም መጠርጠር ይጀምራል።

እውነተኛው ደብዳቤ አጭር ነው። እኔ ለታካሚዎቼ ስጽፍ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ «ወይዘሮ እገሊት በእኔ ዘንድ ሕክምና ይከታተላሉ። የዕለት ኑሯቸውን በእጅጉ የሚገድብ የጤና ችግር አለባቸው። እንስሳው የችግሩን ምልክቶች ያቃልልላቸዋል፤ በመኖሪያ ቤታቸው እንዲኖር እደግፋለሁ።» ከዚያ ቀን፣ ፊርማ፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥር። የሕመሙ ስም የለበትም። አከራዩ የሕክምና መዝገብዎን አምጪ የማለት መብት የለውም። «የአከራዬ ቢሮ ሁሉ አብዳለች ይለኛል» ብለው የሚሰጉ ከሆነ በዚህ ይረጋጉ።

ደብዳቤውን ይዘው ለቢሮው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ኢሜይል ይበቃል፣ ኮፒውን ያስቀምጡ። መልስ ሳያገኙ ውሻውን ደብቀው አያስገቡ። ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካሉ ለቨርጂኒያ ፌር ሃውዚንግ ቢሮ ወይም ለፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት (ሀድ) በአንድ ዓመት ውስጥ አቤት ማለት ይቻላል። አቤቱታ ማቅረብ አያስከፍልም።

ከወገን ቤት ቤዝመንት ተከራይታችሁ ይህን የምታነቡ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትና ከአራት ያልበለጡ መኖሪያዎች ያሉት ቤት በአብዛኛው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። እዚያ ደብዳቤ ይዞ ከመከራከር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል። ደግሞም ይህ መብት የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ምግብ ቤትና ሱቅ የመግባት መብት ያለው ለተለየ ሥራ የሠለጠነ ሰርቪስ ዶግ ነው። አየር መንገዶችም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ የድጋፍ እንስሳን እንደ ሰርቪስ ዶግ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነዎት። ቡችላ ብቻውን ሲቀር ያለቅሳል፤ ጎረቤት ይነሳል፤ እርስዎም ጠዋት ደክመው ገብተው መተኛት ሲገባዎት እሱ መውጣት ይፈልጋል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህ ሌላ ጭነት ነው። የክትባቱና የእንስሳት ሐኪሙ ወጪም ቀላል አይደለም። ስለ ድመት አስበው ያውቃሉ? ያደገች፣ የረጋች ድመት ከመጠለያ ቢወስዱ ለእርስዎ ፈረቃ የምትስማማ ይመስለኛል። አስም ወይም አለርጂ ካለብዎት አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ቢያነሳ ይመረጣል።

እናትዎን አይቀየሟቸው። ውሻ ከግቢ በር አልፎ የማይገባበት ቤት ነው ያደጉት፤ ልጃቸው መታመሟንም ላያውቁ ይችላሉ። ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ እንቅልፍዎ ይንገሯቸው። የንስሐ አባት ካለዎት ስለ ጸበሉ እሳቸውን መጠየቅ ይችላሉ፤ የእኔ ሙያ አይደለም።

ለቀጠሮው ሲሄዱ የሁለት ሳምንት እንቅልፍዎን ጽፈው ይውሰዱ፦ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ሰዓት ባነኑ፣ ያን ቀን በሉ ወይስ አልበሉም። በአማርኛ ቢጽፉትም ችግር የለም፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ያለ ክፍያ ማግኘት መብትዎ ነው። ስለ እንስሳው ጥያቄውን ያኔ ያንሱ።