ከመንካታችሁ በፊት እዩ፤ የሚላኑ «ሃያ ስምንት» ትራም ያስተማረኝ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ስጠግን ኖሬአለሁ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ሚላን ከተማ ዳር በምትገኝ ትንሽ የጥገና ቤት ውስጥ ነው። ሙያ እንዴት እንደሚለመድ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አንድ ትራም ነው። ጠዋት ጠዋት ለሥራ የምሳፈረው ትራም፣ በከተማ መንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።

ሚላኖች «ቬንቶቶ» ይሉታል፤ ሃያ ስምንት ማለት ነው። በ1928 ወደ ሥራ ስለገባ ነው ስሙ። መዝገብ ላይ ደግሞ 1500 ተብሎ ነው የሚታወቀው። ሁለቱ ናሙናዎች፣ 1501 እና 1502፣ በ1927 ተሠሩ። ከዚያ እስከ 1930 ድረስ 500 ተጨመሩ። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ዛሬም ሰው ጭነው ይሄዳሉ። ለቱሪስት ማሳያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥራ የረፈደበት፣ ዘንቢል የያዘች እናት፣ ቦርሳ ያዘለ ተማሪ ነው የሚሳፈርባቸው።

እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ቋንቋው አስጨንቆኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሞተር ሥር እንደተኛ እጁን ዘርግቶ «ካቻቪቴ!» አለ። ካቻቢቴውን አቀበልኩት። «ፒንሳ!» አለ። ፒንሳውን ሰጠሁት። ስለ ኩሽኔታው ሲያወራም ገባኝ። ቀና ብሎ ጣሊያንኛ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ አልኩት። እነዚህ ቃላት በምን መንገድ ወደ እኛ እንደመጡ ታውቃላችሁ። ቬንቶቶ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው የጣሊያን ጦር በ1935 የወረረን። እሱን አልረሳሁም። ግን ጥሩ ሥራ ሳይ ጥሩ ነው እላለሁ።

የትራሙ ሐሳብ የተወለደው አሜሪካ ነው፣ ክሊቭላንድ ከተማ። ያሰበው ፒተር ዊት ይባላል። ኢንጂነር አልነበረም። ቀልጦ የመጣ ብረት በቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ለሠራተኛ መብት ስለተሟገተ ቀጣሪዎች ስሙን በጥቁር መዝገብ አስፍረው ሥራ ነሱት። ኋላ ከተማው አስተዳደር ውስጥ ገባ፤ በ1912 የከተማዋ ትራም ኮሚሽነር ሆነ።

በዚያ ዘመን ትራምን የሚያዘገየው ሞተሩ ሳይሆን በሩ ነበር። ሰው መግቢያው ላይ ቆሞ ሳንቲም ሲቆጥር ትራሙ ይገተራል። ካልሆነም ገንዘብ ሰብሳቢው በሰው መሃል እየተጋፋ ይሄዳል፤ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ ይጠፋዋል። ዊት ይህንን አይቶ ነገሩን ገለበጠው። ሰው ሁሉ በፊት በር ይግባ። ሰብሳቢው መሃል፣ መውጫው በር አጠገብ ይቀመጥ። የፊተኛው ግማሽ መጠበቂያ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ሰው እየተግተለተለ ይገባል፣ ትራሙ ወዲያው ይነሳል። ወደ ኋላ አልፎ መቀመጥ የፈለገ በሰብሳቢው ፊት ሲያልፍ ይከፍላል። ፊት የቀረው ደግሞ ሲወርድ። እናንተ ታክሲ ውስጥ ያደጋችሁ ይሄ ወዲያው ይገባችኋል። ረዳቱ «ሂሳብ!» የሚለው መኪናው ከተነሳ በኋላ አይደል? እያንዳንዱን ሰው በሩ ላይ እያስከፈለ ቢያስገባ ሰልፉ መቼ ያልቅ ነበር!

ቶሮንቶ ወሰደችው፣ ሚላንም ወሰደችው። ሚላን ግን እንዳለ አልተወችውም። ሁለት በር የነበረው ኋላ ላይ ሦስተኛ ተከፈተለት። ቀለሙም ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ፣ አሁን ደግሞ ወደ ቢጫው ተመለሰ። በነሐሴ 1943 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ብዙዎቹ ተጎዱ፤ ተጠግነው ወጡ።

ይህን ያህል ዕድሜ እንዴት አገኘ? እኔ የምለው ይህ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ነገ የሚከፍተውን ሰው አስበውታል። ሞተሩ ካርቦን ያለው የዲሲ ሞተር ነው፤ ዲሲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ካርቦን የምንለው ደግሞ በሞላ ተገፍቶ የሚሽከረከረውን መዳብ እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ቁራጭ ነው። ካርቦኑ ሲያልቅ ይቀየራል፤ ኩሽኔታውም እንደዚያው። አግዳሚ ወንበሩ እንጨት ነው፣ አናጢ ይሠራዋል። የተበላ ዘንግ ቢኖር ጎበዝ ባለቶርኖ ያወጣዋል። ምስጢር የሆነ ነገር የለውም። ሳንፍራንሲስኮ በ1998 አሥሩን ገዝታ ስትወስድ ሰባ ዓመት ገደማ የሠሩ ነበሩ። አሜሪካም ሄደው ሰው ማመላለስ ቀጠሉ።

የራሴን ጥፋት ደግሞ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ የፋብሪካ ሞተር መጣ። ካርቦኑን የሚገፋው ሞላ ላላ ብሎ ታየኝ። ማንንም ሳልጠይቅ አጠበቅሁት። ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁም የተሻለ መሰለኝ፤ ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ካርቦኑ አልቋል። መዳቡ ላይ እንደ እርሻ ፈር የመሰለ መስመር ተቆፍሯል። አለቃዬ አልጮኸብኝም። ጣቴን ይዞ መዳቡ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። ፈሩ ጣቴ ጫፍ ላይ ይሰማኛል፤ እስከ ዛሬ። «ያን ሞላ የመጠነው ሰው አስቦበት ነበር» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አዲስ ሥራ ቦታ ስትገቡ የመጀመሪያውን ሳምንት እዩ። ደብተር ያዙ። «ይሄ ለምን እዚህ ሆነ?» እያላችሁ ጻፉ። ከዚያ ሽማግሌውን ቴክኒሻን ጠይቁት። አንዳንዴ መልሱ «ድሮም እንዲህ ነው» ይሆናል፤ ያኔ ለማሻሻል በር ተከፈተላችሁ። አንዳንዴ ግን ከጀርባው አንድ የተቃጠለ ሞተር ወይም አንድ የተጎዳ እጅ ታሪክ አለ።

ይህን በተለይ የምለው አዲስ አበባ ላላችሁት ነው። በ2015 ቀላል ባቡራችን ሥራ ሲጀምር ከዚህ ሆኜ በስልክ ቪዲዮ አየሁት፤ አለቀስኩ። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ ሲባል ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። አንድ የባቡር ዕቃ እዚያው አገር ውስጥ ፈትቶ፣ ለክቶ፣ ቀርጾ መልሶ የሚገጥም ልጅ ስንት እንደሚያወጣ አስቡት። እስቲ ከእናንተ አንዱ ከትንሿ ነገር ይጀምር። ከአንድ ካርቦን መያዣ።

ሚላን ብቅ ካላችሁ ላ ስካላ ቲያትር ፊት 1 ቁጥር ትራምን ጠብቁ። ቬንቶቶ ከመጣ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብላችሁ ቁሙ። እጀታውን ሲያዞር ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በረዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በሚገታ ዕቃ ውስጥ ነው፤ እጀታው አንድ ደረጃ በሄደ ቁጥር ከረዚስታንሱ ትንሽ ይቀነሳል፤ ትራሙም ሳያንገጫግጭ ይፈጥናል። ጆሯችሁን አቁሙና የሞተሩ ድምፅ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚለወጥ ቆጥራችሁ ጻፉልኝ። የእኔ ቁጥር ደብተሬ ላይ አለ፤ እናስተያያለን።