ሚድ ሳይደርስ ተማሪን መጠየቅ

ጥያቄ፦ ቡራዩ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የማታ ተማሪዎችን አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ክፍሉ 55 ተማሪ አለው። ኮሌጁ የመምህር ግምገማ የሚያስሞላው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው፤ ውጤቱ እጄ ሲገባ ልጆቹ ኮርሱን ጨርሰዋል። ዘንድሮ በሦስተኛው ሳምንት ራሴ «አስተያየት ጻፉልኝ» ብዬ ወረቀት ባድል ሁሉም «ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥል» አሉኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጊዜው ልክ ነው። ከሚድ በኋላ ወይም ኩዊዝ በተመለሰበት ዕለት ቢጠይቁ ወረቀቱ ሁሉ የማርክ ቅሬታ ይሆን ነበር። ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። «አስተያየት» ሲባል ተማሪ የሚታየው ወይ ምስጋና ወይ ክስ ነው፤ ማርክ የሚሰጠውን ሰው ደግሞ ማን ይከሳል? ስለዚህ ስለ እርስዎ ሳይሆን ስለ ሥራው ይጠይቁ፦ «ከጆርናል ወደ ሌጀር ስናስተላልፍ የቱ ጋ ጠፋባችሁ?»፣ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንድ ነገር ብቀይር ምን ይሁን?» ሁለቱ ይበቃሉ። በአማርኛም በኦሮምኛም መጻፍ እንደሚችሉ ይንገሯቸው። ኦሮምኛ የማያነቡ ከሆነ ያንን ክፍል የማያስተምር ባልደረባ ያንብብልዎ።

14 ኤ ፎር ወረቀት ለአራት ለአራት ቢቆርጡ 56 ቁራጭ ይወጣል። ሙሉ ገጽ ተማሪን ያስፈራል፤ ቁራጭ ላይ ግን ሁለት መስመር መጻፍ አይከብድም። «ስም አትጻፉ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ እርስዎ አሳይንመንት ሲያርሙ የእጅ ጽሑፋቸውን እንደለመዱት ተማሪዎቹ ያውቃሉ። 8 ደቂቃ ሰጥተው ከክፍሉ ይውጡ፤ የክፍሉ ተወካይ ሰብስቦ፣ አደበላልቆ፣ በፖስታ አሽጎ ይስጥዎ። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጠየቅ ይቀላል፣ ግን የሚጽፈው ሰው ስም ይታያል።

ሰዓቱንም ያስቡበት። ክፍል 11፡30 ቢጀመር ከሥራ የሚመጡት እስከ 12 ሰዓት ይንጠባጠባሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልባቸው የአስኮ ታክሲ ላይ ነው። 12፡15 ገደማ ይሻላል።

ሲያነቡ በሦስት ይክፈሉት፦ በዚህ ሳምንት የሚስተካከል፣ ጊዜ የሚፈልግ፣ ከእርስዎ አቅም ውጪ የሆነ። 20 ሰው «ፈጠነብን»፣ 9 ሰው «ተንቀረፈፈ» ቢል መሃሉን ይዘው አይሂዱ፤ ሁለቱም ወገን ይከፋዋል። የማታ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ቤት የሚሠራና ዴቢትን ገና ያየ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የመጀመሪያውን ምሳሌ ቦርድ ላይ እስከ መጨረሻው ይሥሩት፣ ሁለተኛውን ሁለት ሁለት ሆነው ይሥሩ፣ ቀድሞ ለጨረሰ ሦስተኛውን ሀንድአውት ላይ ያስቀምጡለት። አንድ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስድብ ከሆነ ይለፉት።

መልሱን በሚቀጥለው ክፍል፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይንገሯቸው። ሳምንት ካለፈው ሁለተኛ ጊዜ የሚጽፍልዎ የለም። በቀልድም ቢሆን «ይህቺን ማን ጻፋት?» አይበሉ። የማይቀየረውን ከነምክንያቱ ይንገሩ፤ የክፍል ሰዓት የሬጅስትራር ጉዳይ ነው። የሚቀየረውን ደግሞ በዓይን የሚታይ ያድርጉት፦ «ቦርዱ ቶሎ ይጠፋል ብላችኋል፤ ከዛሬ ጀምሮ የግራውን ግማሽ ክፍሉ እስኪያልቅ አልነካውም»።