የግማሽ ቀን ሥራና ያለ ሰው የሚበር አውሮፕላን

ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሁለቱም ከድሬ ነው። ሁለቱም «እርስዎ» ብለው ነው የጀመሩት። ምነው አቦ! ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው ከየት መጣ? ለሚቀጥለው «አንተ» በሉኝ፤ ጡረታ ስወጣ ያልሰጡኝን ማዕረግ አሁን አትስጡኝ።

ጥያቄ፦ ሳቢያን የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ። ታይዋን ገበያ ያለ አንድ ልብስ ሻጭ ከሰዓት በኋላ ሂሳብ እንድይዝለት ይፈልጋል። አባቴ «መጀመሪያ ዲግሪሽን» ይላል። እኔ ደግሞ የከተማው ሱቆችና ሆቴሎች ተማሪ ቢቀጥሩ ሁሉም ይጠቀማል ባይ ነኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ያዢው። አባትሽ የፈራው ገባኝ፤ ብር የቀመሰ ልጅ ደብተር ይጠላል ብሎ ነው። እውነትም የሚጠላ አለ። ግን የድሬን ቀን አስቢው። ምሳ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሰውን ከመንገድ ትሰበስባለች። ሱቁ ይዘጋል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል። ገበያው ነፍስ የሚዘራው 10 ሰዓት ግድም ነው። ስለዚህ የግማሽ ቀን ሥራ እኛ ጋ ተሠርቶ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ፀሐይ ራሷ ቆርጣዋለች። ሻጩ አንድ ሰው ሙሉ ቀን ከሚቀጥር ሁለት ተማሪ ቢያፈራርቅ ምን ይጎድልበታል? አንዷ ፈተና ስትገባ ሌላዋ ትሸፍናለች።

አሁን ሂሳብ ከመያዝሽ በፊት የራስሽን ሂሳብ ያዢ። በ17 ዓመቴ አንድ ሱቅ ውስጥ ከትምህርት በኋላ ዕቃ አወርድ ነበር። ስሙን አልጠራውም። ሦስት ወር ሠራሁ፣ የአንድ ወር ተኩል ተከፈለኝ። «ሲገባልን» ይሉኝ ነበር። ወረቀት ስላልነበረኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። ዛሬ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ ፈርሞ እንዲሰጥሽ ያዛል። ሲጀመር ጠይቂው። ሰውየው ከተቆጣ ደግሞ ገና ሳትደክሚ አወቅሽው ማለት ነው።

ለታናናሾችሽም ንገሪልኝ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። 7ቱ የሕግ ጣሪያ ነው እንጂ ለተማሪ የተመከረ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ለተማሪ በቀን ከአራት ሰዓት ሥራ አላሳልፍም።

አባትሽን ደግሞ በክርክር አታሸንፊውም። አንድ ሴሚስተር ይፍቀድልሽ፤ ውጤትሽ ከወረደ ትተይዋለሽ። ቃልሽን ጠብቂ እንጂ።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ነኝ፣ 12ኛ ክፍል። አውሮፕላን የሚወድቀው በሰው ስህተት ነው ይባላል። ታዲያ ፓይለቱን አስወጥቶ ሁሉንም ለኮምፒውተር መስጠት አይሻልም? አጎቴ «አብደሃል» አለኝ።

መልስ፦ አላበድክም። ሐሳቡ ካንተ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። በ1914 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሎረንስ ስፔሪ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ፓሪስ አጠገብ፣ ሴን ወንዝ ላይ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አውሮፕላኑን ብቻውን አስበረረው። መካኒኩ ደግሞ ክንፉ ላይ ወጥቶ ተራመደ። ዛሬ በረጅም በረራ አብዛኛውን መንገድ የሚይዘው አውቶፓይለት የሚባለው ራሱ የሚያበር መሣሪያ ነው፤ ጉም ውስጥ የሚያሳርፍም አለ። እኔ ማሽን ጠላት አይደለሁም። ዕድሜዬን የበላሁት ማሽን ስጠግን ነው።

ግን መጋቢት 1 ቀን 2011ን አስታውስ፤ እሁድ ጠዋት። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር የሚያምነው አውሮፕላኑ ከሚመጣበት ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካ አንድ መለኪያ ብቻ ነበር። መለኪያው ዋሸ፤ ሶፍትዌሩም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ያለቀው በዚሁ ሥርዓት ነው። ዕድር እንኳ በአንድ ምስክር ሰው አይቀጣም! በኋላ ሲያስተካክሉት ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽር አደረጉት።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2001 ግንቦት ከሪዮ ወደ ፓሪስ የሚበረው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑ። አውቶፓይለቱ ራሱን አጠፋና «እንካችሁ» አለ። አውሮፕላኑ ገና መብረር ይችል ነበር። ፓይለቶቹ ግራ ተጋብተው አፍንጫውን ወደ ላይ ሳቡት፤ 228 ሰው ውቅያኖስ ውስጥ ገባ። ማሽኑን ከመልመዳቸው የተነሳ እጃቸው ሥራውን ረስቶት ነበር፤ በዚያ ከፍታ በእጅ ማብረርን እምብዛም አልተለማመዱም።

ይህን ስሰማ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ትዝ አለኝ። ከዚያ ደመወዜን ካስቀረብኝ ሱቅ ወጥቼ የገባሁት እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ መዶሻ ይሰጠኝና «ጎማውን ምታ» ይለኛል። የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀ የሸክላ ማሰሮ ስትመታው እንደሚሰጠው። አይኔን ጨፍኜ እንድለየው ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሽማግሌው መሣሪያ አይጠላም ነበር፤ መሣሪያው ዝም ሲል የሚሰማ ጆሮ ይኑር ነው የሚለው።

ስለዚህ ያንተን ሐሳብ ትንሽ ላጣምመው። ኮምፒውተሩ ያብርር፣ ፓይለቱ ይቀመጥ፤ ግን በየጊዜው በእጁ እያበረረ ይለማመድ። በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ ድሬ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 ራሱ የሞተሩን ጉልበት በእጅ መግፋት ይፈልጋል፤ ጋዙን የሚቆጣጠር አውቶማቲክ የለውም። ለአጎትህ ንገረው፣ ደስ ይለዋል።

አንተም ከፈተናው በኋላ 10 ሰዓት ላይ ወደ ለገሃር ውረድና የድሮዎቹን ባቡሮች እይ። መዶሻ ግን ይዘህ አትሂድ፤ ጥበቃዎቹ አይስቁልህም።